ድርሳነ በሶ፦ በጀርመን ሕግ ብቻውን ስለሚነግድ ሰው የተጻፈ ሐተታ

መቅድም

የቀደሙት ሊቃውንት ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ ስለ ግስ ርባታና ስለ ዜማ ምልክት ብዙ ደክመዋል፤ ብዙም ጽፈዋል። በጀርመን አገር ለብቻው ሱቅ ስለሚከፍት ሰው ግን አንድ ቅጠል ብራና እንኳ አልተዉልንም። አንፈርድባቸውም፤ ተርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ባያገኙ ነው። እኛ ግን በኋለኛው ዘመን ተወልደን፣ ብሪፍ የሚባለው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በየበራችን ሲቆለል እያየን ዝም ብንል ትውልድ ይወቅሰናልና ብዕር አንሥተናል።

የሐተታው ፍሬ ነገር አንድ ነው። በጀርመን ሕግ ብቻውን የሚነግድ ሰው ሲጠየቅ ብዙ፣ ሲከፍል አንድ ነው። መሥሪያ ቤቶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰው ያውቃሉ፤ ዕዳው ግን የሚያርፈው በአንድ ራስ ላይ ነው። ይህን ዐቢይ እውነት ለማስረዳት ባለ ታሪክ ያስፈልጋልና ከፊደል ገበታ ጀምሮ የምናውቀውን አበበን መርጠናል። አበበ በሶ ሲበላ ስንት ትውልድ ማንበብ ተምሮበታል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ ግን የጠየቀ የለም። እኛ ጠየቅን። ፍራንክፈርት ነው ያለው፤ በሶ ሊነግድ ተነሥቷል።

አንቀጽ ፩፦ ነጋዴ ማን እንደሆነ

በሶ መብላት ንግድ አይደለም። «ይህንማ ሕፃንም ያውቀዋል» የሚል ካለ የጀርመንን የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 15 ገልጦ አላየም ማለት ነው። ሕጉ አንድን ሥራ ንግድ ለማለት አራት ምልክት ይፈልጋል፦ በራስ ኃላፊነት መሥራት፣ ደጋግሞ መሥራት፣ ትርፍ ማሰብ፣ ለገበያ መውጣት። አበበ ጭብጦውን ብቻውን ሲውጥ ከአራቱ የተገኘበት ደጋግሞ መሥራት ብቻ ነው፤ በየቀኑ ነበርና የሚበላው። ጫላ ጩቤውን ቁጭ አድርጎ ቢቀርብና አበበ ቢያጎርሰው ያ መተዛዘን ነው። የተረፈውን አንድ ኪሎ አንድ ጊዜ ቢሸጥለትም ገና ነው። በየቅዳሜው ለጫላ፣ ለጫላ ጎረቤትና ለጎረቤቱ ዘመድ እየመዘነ መሸጥ ሲጀምር ግን አራቱ ምልክቶች ተሟሉ፤ አበበ ሳያውቀው ነጋዴ ሆነ። ሳያውቀው ያልነው በከንቱ አይደለም። ነጋዴነት የሚጀምረው ከሥራው ነው፤ ምዝገባው የሆነውን ለመንግሥት መናገር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አበበ ነጻ ባለሙያ ነኝ ቢልስ? የዚያው ሕግ አንቀጽ 18 ከንግድ የሚለያቸውን ይቆጥራል። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ፣ አርክቴክት፣ ጋዜጠኛ፣ ተርጓሚ፣ ይባስ ብሎም መርከብ እየመራ ወደብ የሚያስገባ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እነዚህ ወደ ንግድ መዝጋቢው ወደ ገቨርበአምት አይሄዱም፤ የንግድ ግብርም አይከፍሉም፤ በቀጥታ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለፊናንዛምት ያሳውቃሉ። መልስ፦ አበበ ስለ በሶ ቢጽፍ ነጻ ባለሙያ ነው፤ በሶ አበጣጠር ቢያስተምርም ነጻ ባለሙያ ነው፤ ከረጢቱን አስሮ ሲሸጥ ግን ነጋዴ ነው።

በዚህ ተደስቶ ወደ ማስተማሩ የሚሮጥ ቢኖር ቆም ይበል። ሠራተኛ ሳይቀጥር ለብቻው የሚያስተምር ሰው፣ ገቢው ከትንሽ ሥራ ወሰን ካለፈ፣ የጡረታ መዋጮ ግዴታ አለበት፤ ምጣኔውም 18.6 በመቶ ነው። በሶ ሻጩ ይህ ግዴታ የለበትም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

አበበ ከበሶ ይልቅ ድፎ ዳቦ መርጦ ቢሆን ኖሮ ሐተታችን እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ዳቦ ጋጋሪና ፀጉር አስተካካይ ማይስተር የሚባለው የሙያ መምህርነት ማዕረግ ወይም ማይስተር የሆነ ኃላፊ መቅጠር ከሚጠየቅባቸው ሙያዎች ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ሕጉ 53 ሙያዎችን ከዚህ ግዴታ ፈታ፤ በ2020 ደግሞ 12ቱን መልሶ አሰራቸው። የፀጉር ሹሩባ ከእናቷ እጅ የተማረች እኅታችን ፍራንክፈርት ላይ ሳሎን ልክፈት ስትል የሚገጥማት ግንብ ይኸው ነው።

አንቀጽ ፪፦ ነጻነት በግብር አዋጅ ስለ መምጣቱ

በድሮዋ ፕሩሲያ ከተሞች የሙያ ማኅበር ያልፈቀደለት ሰው ጫማ አይሰፋም፣ ዳቦ አይጋግርም ነበር። ይህን ያፈረሰው የቻንስለር ሃርደንበርግ አዋጅ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 2 ቀን 1810 ነበር። አንባቢ ሆይ፣ አዋጁ ስለ ነጻነት የወጣ መስሎህ ከሆነ ርእሱን ተመልከት፤ አጠቃላይ የንግድ ግብር ስለ መጣሉ ነው የሚለው። ፕሩሲያ በናፖሊዮን ተሸንፋ ካሳ ክፈይ ተብላ ነበርና ገንዘብ አጥሯታል። እናም «መነገድ የፈለገ ወረቀቱን ገዝቶ፣ ግብሩን ከፍሎ ይነግድ» ተባለ። የዛሬው ጀርመናዊ ነጋዴ ነጻነቱን ያገኘው ከግብር መሰብሰቢያው ጀርባ ታዝሎ ነው።

በ1869 የወጣው የንግድ ሥርዓት ሕግ በብዙ ቢታደስም እስከ ዛሬ ይሠራል። በመጀመሪያው አንቀጹ መነገድ ለማንም የተፈቀደ መሆኑን ይናገራል። «ማንም» የተባለው ማን ነው? አንድም ጀርመናዊው ነው። አንድም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ነው። አንድም ጥገኝነቱ ጸድቆለት ስደተኛነቱ የታወቀለት ነው። አንድም በመኖሪያ ካርዱ ላይ የግል ሥራ ተፈቅዷል የሚል ቃል የታተመለት ነው። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው ወገናችን ግን በዚህ «ማንም» ውስጥ አይገኝም። ለግል ሥራ ብሎ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ዕድሜው 45 ካለፈ ለእርጅናው የሚበቃ ዋስትና ያሳይ ይባላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚነበበው መጽሐፍ የመኖሪያ ካርዱ ነው፤ ጽሑፉም ደቃቅ ስለሆነ መነጽር ይዞ ማንበብ ይገባል።

አበበ ካርዱ ፈቀደለት። ገቨርበአምት ቀርቦ አንድ ገጽ ቅጽ ሞላ፣ እንደ ከተማው ልማድ ጥቂት አሥር ዩሮ ከፈለ፣ የምዝገባ ወረቀቱን ተቀበለ። ጸሐፊዋ በሶ ታውቃለህ ወይ አላለችውም፤ ገንዘብ አለህ ወይም አላለችውም። ይህ ፈቃድ ሳይሆን ማሳወቂያ ነው። በጀርመን መጀመር እጅግ ቀላል ነው፤ ይህን የማይነግሩን መጀመርን የማያውቁ ብቻ ናቸው።

አንቀጽ ፫፦ ስለ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶች። በጀርመን ግን የቤተሰብ ስምን የሚያወጣው ቅጹ ነው። ቅጹ ሁለት ሣጥን አለው፤ የፊደል ገበታው ደግሞ የአበበን አባት ስም አልነገረንም። ከአበበ ቀጥሎ ተጽፎ የተገኘው በሶ ስለሆነ በሶ የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብሪፉ ሁሉ የሚመጣው ለክቡር ሄር በሶ ነው።

የሚስቅ ይሣቅ፤ በእውነተኞቹ አበበዎች የሚደርሰው ከዚህ ብዙ አይርቅም። አባታቸው ጎንደር በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ስማቸው ፍራንክፈርት ላይ የግብር ማስታወሻ ይወጣበታል። ፊናንዛምት የሚያከብረው፣ የሚጠይቀውና የሚገሥጸው አባትዬውን ነው፤ ልጁ በመጀመሪያው ሣጥን ተቀምጦ ያያል። ሚስትየው ደግሞ የራሷን አባት ስም ይዛ ስለምትኖር፣ በአንድ የፖስታ ሣጥን ላይ ሁለት አማቾች ጎን ለጎን ይለጠፋሉ።

ስሙ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? በንግድ መዝገብ ፍርድ ቤት ዘንድ ያልተመዘገበ ብቸኛ ነጋዴ በገዛ ስሙና በቤተሰቡ ስም ነው የሚዋዋለው። በሱቁ በር ላይ «የሸዋ በሶ» ብሎ ቢሰቅል ማንም አያወርድበትም፤ በደረሰኙ ላይ ግን የገዛ ስሙ ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት። ምስጢሩ ይህ ነው፦ ንግዱና ሰውየው ሁለት አይደሉም። ጌኤምቤሃ የተባለውን ኩባንያ የሚያቋቁም ሰው 25,000 ዩሮ መነሻ ካፒታል ይመድባል፤ ቢከስር በሕግ የሚጠየቀው በመሠረቱ ኩባንያው ነው። አበበ ምንም መነሻ አልተጠየቀም፤ ቢከስር ግን ከሱቁ ዕቃ አልፎ መኪናውና የቁጠባ ሒሳቡ ለአበዳሪ ይቀርባሉ። ያለ ካፒታል የገባ ሰው ካፒታሉ ራሱ ነው።

አንቀጽ ፬፦ ስለ ስምንቱ አበበዎች

አንድ አበበ ገቨርበአምት ገባ፤ ወራት ሳይቆዩ ስምንት ሆነ። የመጀመሪያው 11 አኃዝ ያለው የግብር መለያው ነው፤ ይህ ዕድሜ ልኩን አይለወጥም፣ ከሞተም በኋላ እስከ 20 ዓመት ተመዝግቦ ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው ፊናንዛምት የሚሰጠው የግብር ቁጥር ነው፤ ይህ ደግሞ ወደ ሌላ ፊናንዛምት ግዛት ቤት ሲቀየር ይቀየራል። ሦስተኛው ሲጠየቅ የሚሰጠው የቫት መለያ ነው። አራተኛው ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በየተራ መታደል የጀመረው የኢኮኖሚ መለያ ነው። አምስተኛው የጤና መድን፣ ስድስተኛው የጡረታ፣ ሰባተኛው የሥራ አደጋ መድን ማኅበር፣ ስምንተኛው የማሸጊያ መዝገብ ነው። በደረሰኝ ላይ የሚጻፈው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው፤ የመጀመሪያውን የጻፈ የግል ምስጢሩን ለደንበኛ አደለ እንጂ ደረሰኙን አላሟላም።

ዘጠነኛውን አበበ የሚፈልጉም አሉ። ከምዝገባው ጥቂት ቀናት በኋላ የመንግሥት ወረቀት መስሎ፣ ንስር የመሰለ ማኅተም አትሞ፣ ስምህን በመዝገብ ለማቆየት መቶ ምናምን ዩሮ ክፈል የሚል ብሪፍ ይመጣል። ይህ የመዝገብ ነጋዴዎች ማጥመጃ ነው፤ በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ የአገልግሎት ሽያጭ ማቅረቢያ መሆኑን ራሱ ይናዘዛል። ጀርመን ከደረሰ ጀምሮ የመጣለትን ሁሉ በፍጥነት መክፈል የለመደ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

እውነተኛው ቅጽ የሚሞላው ኤልስተር በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። ከ2021 ጀምሮ የግብር መመዝገቢያው መጠይቅ የሚላከው በኮምፒውተር ነው፤ ጊዜውም ሥራ ከተጀመረ በአንድ ወር ውስጥ ነው። በተለመደው መንገድ ለሚመዘገብ ሰው ግን ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ኮድ በወረቀት ታትሞ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በፖስተኛ እጅ ይመጣል። ስለ ምን? አንድም መንግሥት በኤሌክትሪክ አይታመንም። አንድም ሰውየው በእርግጥ ቤት እንዳለው ማወቂያ ነው። አንድም ትዕግሥት ማስተማሪያ ነው። ሦስተኛው ይበልጣል።

መጠይቁ ውስጥ የትንቢት ክፍል አለ። ዘንድሮ ስንት ታተርፋለህ? በሚመጣው ዓመትስ? አንድ ኪሎ በሶ ገና ያልሸጠውን ሰው ነው የሚጠይቁት። አብዝቶ የተነበየ ከነገ ጀምሮ ቅድመ ግብር ይጫንበታል። አሳንሶ የተነበየ ዛሬ ያርፋል፤ የዕረፍቱን ዋጋ በአንቀጽ ፰ እናያለን።

አንቀጽ ፭፦ ገብስ ወደ ከረጢት ስለ መግባቱ

በሶው ገና ሳይሸጥ ከረጢቱ ሕግ አለው። ዕቃ ሞልቶ ለተጠቃሚ የሚሸጥ ሁሉ ኦስናብሩክ ባለው የማሸጊያ መዝገብ ይመዘገባል፤ ከረጢቱ ቆሻሻ ሲሆን ለሚሰበስቡትም አስቀድሞ ይከፍላል። ለትንሽ ነጋዴ ነጻ የሚባል ኪሎ የለም፤ ግዴታው ከመጀመሪያዋ ከረጢት ይጀምራል። በከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው በጀርመንኛ ይጻፋል፤ ገብስ ግሉተን ያለው እህል በመሆኑም ስሙ በጎላ ፊደል ከሌላው ቃል ተለይቶ ይታያል። የአበበ አያት ገብስ ሲቆሉ የኖሩት በጎላ ፊደል አልነበረም፤ አልታመሙምም። ተቆጣጣሪው ግን አያቱን አያውቃቸውም።

ቀጥሎ የቫት ምሥጢር ይመጣል። ዱቄቱ ምግብ ስለሆነ 7 በመቶ ነው። አበበ በውኃና በስኳር በጥብጦ በብርጭቆ ቢሸጠው መጠጥ ነውና 19 በመቶ ይሆናል። በቡናም እንዲሁ ነው፤ የተፈጨው በከረጢት 7፣ በስኒ የተቀዳው 19። ወተቱ ቢያንስ 75 በመቶ የሆነ በጉዞ የሚወሰድ ማኪያቶ ግን ወደ 7 ይመለሳል። በዚህ መሠረት በሶ ጭብጦ ሆኖ በእጅ ሲያዝና ፈስሶ በብርጭቆ ሲገባ በመካከሉ 12 በመቶ አለ። በሶው መቼ መጠጥ መሆን ይጀምራል የሚለውን ለሚመጡት ሊቃውንት ትተናል።

አበበ ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥበት በር አለ፤ ክላይንኡንተርኔመር ይባላል፣ ትንሽ ነጋዴ ማለት ነው። ከ2025 ጀምሮ ባለፈው ዓመት ሽያጩ ከ25,000 ዩሮ ያልበለጠ፣ በያዘው ዓመትም 100,000 ያላለፈ ነጋዴ ቫት አይጨምርም፤ አይመልስምም። በመክፈቻው ዓመት ግን ወሰኑ ያው 25,000 ነው፤ ከዚያ ያሳለፈችው ሽያጭ ራሷ ቫት ይዛ ትገባለች። በሩ ዋጋ አለው፦ ለሚዛን፣ ለመደርደሪያ፣ ለኮምፒውተር የከፈለውን ቫት ማስመለስ አይችልም። በደረሰኙ ላይ ነጻ መሆኑን መጻፍ አለበት። ረስቶ ለነጋዴ ደንበኛው 19 በመቶ የሚል መሥመር ቢጽፍ፣ ያልተጠየቀውን ቫት ስለ ጻፈው ብቻ ይከፍለዋል። በጀርመን የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው፤ ስሕተትም ቢሆን።

አንቀጽ ፮፦ ቡና ስለ መቁላት

አበበ በሶ ብቻ አይበቃም ብሎ ቡና ጨመረ። ከሱቁ ጓሮ ባለች ክፍል ማንከሽከሻውን ጣደ፣ ጥሬውን ቡና አፈሰሰ፣ አማሰለ። አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡናማ ዞረ፤ ገለባው እየተላጠ በረረ፤ የመጀመሪያዋ ፍሬ ጠሽ አለች። በዚህች ድምፅ የጀርመን ፌደራል መንግሥት ባለ ድርሻ ሆነ። ጥሬ ቡና የቡና ግብር የለበትም፤ የተቆላው ግን በኪሎ 2.19 ዩሮ አለበት፣ በውኃ የሚሟሟው 4.78። ለሽያጭ የሚቆላ ሰው ከጉምሩክ ጋር ይመዘገባል፤ ያለ ፈቃድ ከቆላ ግብሩ ወዲያው ይወለዳል። ይህ ግብር በየዓመቱ ወደ አንድ ቢሊዮን ዩሮ ለመንግሥት ያስገባል።

ነገሩ ሥር አለው። በ1781 የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሪድሪሽ ቡና መቁላትን ለመንግሥቱ ብቻ አደረገ። ሕዝቡ በድብቅ ቢቆላ የሚደርሱበትን ከጦር የተሰናበቱ ወታደሮች ቀጥሮ በየመንገዱ እየዞሩ እንዲያሸቱ አሰማራ። በእኛ ቤት ቡና ቆይዋ ማንከሽከሻውን ይዛ በእንግዶቹ ፊት ታዞራለች፤ እንግዳው ጭሱን በእጁ ወደ አፍንጫው እየሳበ «እሰይ» ይላል። በፍሪድሪሽ ዘመን «እሰይ» የሚለው አሽታቹ ወታደር ነበር፤ ቅጣት ተገኘና። ሁለቱ ሥልጣኔዎች በአንድ ጭስ ተገናኝተው በአፍንጫ አጠቃቀም ተለያዩ።

አንቀጽ ፯፦ ስለ ማኅበር፣ ስለ ግብዣ፣ ስለ አልጋና ስለ እቁብ

እድር የሚገባው ፈልጎ ነው። የኢንዱስትሪና ንግድ ምክር ቤት ግን ነጋዴውን ሳይጠይቀው አባል ያደርገዋል፤ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2017 ይህ ግዴታ ሕጋዊ ነው ብሎ ፈርዷል። ለጀማሪ ምሕረት አለው፤ ከዚህ በፊት ነጋዴ ያልነበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ትርፉ ከ25,000 ዩሮ ካልበለጠ መዋጮ አይከፍልም። ለሥራ አደጋ መድን ማኅበር ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማሳወቅ ግድ ነው።

ግብዣ። አበበ የጅምላ ገዢውን ምሳ ጋበዘ። ሁለቱም ሐበሾች ነበሩና «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ» ተባብለው አስተናጋጁን መሐል አስጨነቁት። ፊናንዛምት ለዚህ ትግል ዳኝነት አለው፦ ከሒሳቡ 70 በመቶው ወጪ ይያዛል፣ 30 በመቶው ፍቅር ነው። በደረሰኙ ላይ የበሉት ሰዎች ስምና የተገናኙበት ጉዳይ ይጻፋል። «ናፍቆት» የሚል ጉዳይ ተቀባይነት የለውም።

አልጋ። ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ቢሮ አድርጎ ኪራዩን ከትርፉ ሊቀንስ አሰበ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘመድ ብሎ አልጋ ዘረጋበት። የፌደራሉ የፊናንስ ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በ2015 እንደወሰነው ለሥራም ለኑሮም የሚሆን ክፍል ቢሮ አይባልም። ለአበበ የቀረው ቤቱ በሠራበት ቀን 6 ዩሮ፣ በዓመት ቢበዛ 1,260 ዩሮ መቀነስ ነው። አጎቱ በአልጋው የሚያድሩት ምን ያህል እንደሚያስወጡ ሳያውቁ ነው፤ አይነገራቸውም።

እቁብ። እቁቡ ደረሰውና ዳኛው በጥሬው የቆጠሩለትን ገንዘብ ወደ ንግድ ሒሳቡ አስገባ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ መርማሪ የሚያየው ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ነው፤ ምንጩ ያልተብራራ ደግሞ ያልተመዘገበ ሽያጭ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። የግልና የንግድ ሒሳብ ይለይ፤ የእቁቡ ደብተርም ከነፊርማው ይጠበቅ። በመተማመን የቆመ ተቋም በወረቀት ፊት የሚናገርለት ደብተሩ ብቻ ነው።

አንቀጽ ፰፦ ስለ ሁለተኛው ዓመት

የመጀመሪያው ዓመት ጸጥታ ነው። አበበ አሳንሶ ስለተነበየ ቅድመ ግብር አልተጫነበትም፤ የጤና መድኑም የተተመነው በዚያው ትንሽ ትንቢት ነው። ተቀጣሪ ሳለ የመድኑን ግማሽ አሠሪው ይከፍልለት ነበር፤ አሁን አሠሪውም እርሱ ስለሆነ ሁለቱንም ግማሽ ይከፍላል። ገቢው ኢምንት ቢሆንም የሕዝብ መድኑ ከታችኛው ወሰን በታች አያሰላም፤ ወሰኑ በ2025 በወር 1,248.33 ዩሮ ገቢ ነበር፤ መዋጮውም ከእንክብካቤ መድኑ ጋር ወደ 250 ዩሮ ይጠጋ ነበር። ይህን ከፍሎ የተረፈው ሁሉ የእርሱ መሰለው።

በሶው ግን ተሸጠ። የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ 40,000 ዩሮ ሆነ። የንግድ ግብሩን እንይ፤ ስሌቱ ውበት አለውና። ለሰው ነጋዴ 24,500 ዩሮ ነጻ ነው፤ 15,500 ይቀራል። የእርሱ 3.5 በመቶ 542.50 ነው። ፍራንክፈርት ይህን በ460 በመቶ ታባዛዋለች፤ 2,495.50 ይሆናል። ከዚያ የገቢ ግብሩ ሲሰላ የ542.50 አራት እጥፍ፣ 2,170 ዩሮ፣ ከገቢ ግብሩ ላይ ይቀነስለታል፤ የገቢ ግብሩ ይህን ለመሸከም ከበቃ። ስለዚህ ከተማዪቱ ወሰደች፣ ፊናንዛምት መለሰ፣ በመካከሉ 325.50 ጠፋ። መዞሩ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ ወደ 1810 ይመለስ።

መዓቱ የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት መግለጫ እስከ ጁላይ 31 ይገባል። መልሱ ሲመጣ ሦስት ነገር ባንድ ፖስታ ይዞ ይመጣል፦ ያለፈው ዓመት ግብር ሙሉው፤ የያዝነው ዓመት ቅድመ ግብር፤ የሚመጣው ዓመት ቅድመ ግብር፣ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር 10 ቀን የሚከፈል። የዚያው መልስ ቅጂ ለጤና መድኑ ሲደርስ መድኑ ያለፈውን ዓመት እንደገና አስልቶ ልዩነቱን አምጣ ይላል። አበበ በዚህ ጊዜ መኪና ገዝቶ ነበር። አሁን የአንቀጽ ፫ ምስጢር ይገለጣል፦ ስምንቱ አበበዎች በየቁጥራቸው ተጠርተው ሲመጡ፣ ኪሱን የሚፈትሸው አንዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ሁሉ የተስማሙበት አንድ ምክር አለ፤ ከሚገባው ገንዘብ ላይ ከሦስት አንዱን በሌላ ሒሳብ አስቀምጦ እንደሌለ መቁጠር። ያተረፈ የሚመስለው ሰው ያተረፈው ከዚያ በቀረው ነው።

ብይን

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። በጀርመን ሰማዩ አሁንም አይታረስም፤ ፊናንዛምት ግን ይከሰሳል። የግብር ውሳኔ የደረሰው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ክፍያም አይጠየቅበትም። ወሩ የሚቆጠረው ብሪፉ ተልኮ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ ከ2025 ወዲህ ሕጉ ፖስተኛው በአራት ቀን ይደርሳል ብሎ ያምናልና። ተቃውሞው መክፈልን በራሱ አያስቆምም፤ ለዚያ ሌላ ማመልከቻ አለ። እናም የምንበይነው ይህን ነው፦ ብሪፍ በመጣበት ቀን ይከፈት፣ ፖስታው ሳይቀር ይቀመጥ። ካልተከፈተ ብሪፍ ጋር ወሩ አይጠብቅም።

ይህን ድርሳን የሰረቀ ወይም የፋቀ በአባቶች ሥርዓት ውጉዝ ይሁን። ለንግዱ ብሎ የገዛው ደረሰኙን 8 ዓመት ያቆይ፤ ሙቀት የሚያደበዝዘው ወረቀት ከሆነም ኮፒ ያድርገው። ለደንበኛው በስጦታ የሰጠ ነጋዴ ደግሞ ለዚያ ሰው በዓመቱ የሰጠው ሁሉ ተደምሮ ከ50 ዩሮ እንዳላለፈ ይመርምር፤ በአንድ ሳንቲም እንኳ ካለፈ ቸርነቱ ለነፍሱ ይሆንለታል፣ ወጪ ግን አይያዝለትም።